ጠማማ ስኳድራ፣ የሚወዛወዝ በርጩማ

እኛ በሐይፋ ቤት ለቤት የምንዞር ነርሶች ከመድኃኒቱ በፊት ወለሉን እናያለን። የሚንሸራተት ምንጣፍና የሚወዛወዝ መቀመጫ ስንት አዛውንት ጥሏል! በቅርቡ በሐዳር ሰፈር የአንድ አባት ቤት ገብተን፣ መታጠቢያው ውስጥ በእጃቸው የሠሩትን በርጩማ አየን። ልስላሴው ያማረ ነው፤ ሲቀመጡበት ግን ይነቃነቃል። «መጋዜ ዶልዱሞ ነው» አሉን። ከመካከላችን የአናጢ ልጅ አለችና ስኳድራቸውን ተቀብላ ፈተነችው። ጥፋቱ የመጋዙ አልነበረም።

ፈተናው ሱቅ ውስጥም ይሠራል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ጣውላ ፈልጉ። የስኳድራውን እጀታ ጠርዙ ላይ አስደግፋችሁ ቀጭን መስመር አስምሩ። ከዚያ ስኳድራውን ገልብጡትና ከዚያው ነጥብ ተነስታችሁ ሁለተኛ አስምሩ። መስመሮቹ ከተደራረቡ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። እንደ መቀስ ከተከፈቱ ጠማማ ነው፤ የምታዩት ክፍተትም የስህተቱ እጥፍ ነው።

ሻጩን «ዛቪት» ብላችሁ ጠይቁት፤ ፈትኑት፤ ከዚያ ክፈሉ። ሐሳብ ቀይሮ ያልተጠቀሙበትን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት ከ50 ሸቀል በታች ለሆነ ዕቃ አይሠራም፤ ትንንሽ መሣሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው።

ሜትር ስትገዙ በላዩ የታተመውን የሮማ ቁጥር እዩ። ደረጃ ሁለት በ2 ሜትር ርዝመት እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ሊሳሳት ይፈቀድለታል፤ ደረጃ አንድ ግን እስከ 0.3 ብቻ ነው። ለቤት ሥራ ሁለተኛው ይበቃል። ጫፉ ላይ ያለው ቆርቆሮ ቢነቃነቅ ተበላሽቷል አትበሉ፤ ስቦም ገፍቶም ሲለኩ ልኩ አንድ እንዲሆን በራሱ ውፍረት ያህል ይንሸራተታል። ለበርጩማ እግር ግን ከሜትር የሚሻል ዘዴ አለ፦ አራቱን እንጨቶች ጎን ለጎን አስራችሁ መስመሩን በአንድ ጊዜ በሁሉም ላይ አሳልፉት። (የአገር ቤቱ ባለሦስት እግር ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ የትም ቢያኖሩት አይወዛወዝም።)

ጠፍጣፋው የአናጢ እርሳስ ለጣሪያ እንጨት ነው፤ መስመሩ ስለሚወፍር መጋዙ በየትኛው ጎን እንደሚሄድ ያሳስታል። ባለ 0.5 ሚሊ ሜትር መካኒካል እርሳስ ይሻላል። ከሁሉ የሚቀጥነው የስለት ጭረት ነው፤ መሮውም እዚያው ገብቶ ይቆማል። ነገር ግን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ወይም ስኳር ጣታችሁን ያደነዘዘባችሁ፣ እባካችሁ ስለቱን ተዉትና በእርሳሱ ሥሩ። መብራቱንም ከጎን አምጡት፤ ጭረቱ ጥላ ሲጥል ለደከመ ዓይን ይታያል።

ልጃችሁ አናጢነት ሊጀምር ከሆነ ሃያ ዕቃ የታጨቀበትን ሳጥን አትግዙለት። አንድ የተፈተነ ስኳድራ፣ አንድ ሜትርና ቀጭን እርሳስ ለመጀመሪያው ዓመት ያሠሩታል።

አባታችን አዲስ ስኳድራ ገዝተው እግሮቹን እንደገና ሊቆርጡ ነው። እስከዚያው በርጩማው ከመታጠቢያው እንዲወጣ ተስማምተናል፤ ሲመለስም እግሮቹ ላስቲክ ይለብሳሉ።