የግድብ ዕድሜ በምን ይለካል?

በክረምት፥ ብርቱ ዝናም ከጣለ በኋላ፥ በአጠገባችሁ ከሚወርደው ወንዝ አንድ ጠርሙስ ውኃ ቅዱና በክፍላችሁ መስኮት ላይ ሳትነኩት አሳድሩት። ሲቀዳ ደፍርሶ የነበረው ውኃ በማግሥቱ ከላይ ጠራ ብሎ፥ ከሥሩ ግን ጭቃ ዘቅጦ ታገኙታላችሁ። ይህ ቀላል ሙከራ የግድብ መሐንዲሶችን ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱን ያሳያል። ይኸውም፥ ውኃ ሲሮጥ አፈር ይሸከማል፤ ሲቆም ግን የተሸከመውን ይጥላል። ግድብ ደግሞ ሥራው ወንዝን ማቆም ነው።

ውኃ እንዴት ኃይል ይሰጣል?

አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም፥ ማለት 10 ኩንታል ይመዝናል። ይህን ያህል ውኃ በየሰኮንዱ ከአንድ ሜትር ከፍታ ቢወርድ 9.8 ኪሎዋት ያህል ኃይል ይሰጣል። ከ40 ሜትር ከፍታ ቢወርድ ደግሞ 392 ኪሎዋት ይሆናል። ተርባይኑና ጄኔሬተሩ ከዚህ ጥቂቱን ስለሚያባክኑት፥ ዘጠኝ አሥረኛው ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ተለወጠ ብንል፥ 350 ኪሎዋት ያህል እናገኛለን። እንግዲህ የውኃ ኃይል በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ አንደኛው ውኃው የሚወርድበት ከፍታ፥ ሁለተኛው የሚወርደው ውኃ ብዛት ነው።

ከፍታውን ግድቡ ወይም ተራራው ይሰጠናል። የውኃው ብዛት ግን እንደ ወራቱ ይለዋወጣል። ወንዞቻችን በነሐሴ ሞልተው ድልድይ ያሰጋሉ፤ በሚያዝያ ደግሞ ብዙዎቹ በእግር የሚሻገሯቸው ይሆናሉ። መብራት ግን በነሐሴም በሚያዝያም ያው መብራት ነው። ስለዚህ ገበሬ የመኸሩን እህል በጎተራ አኑሮ ዓመቱን ሙሉ እንደሚመገብ፥ መሐንዲሱም የክረምቱን ውኃ በግድብ አጠራቅሞ በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። ከግድቡ በስተ ኋላ ያለው ሐይቅ የውኃ ጎተራ ነው ማለት ነው።

የቆቃ ምሳሌ

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ይነሣና ወደ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፥ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በዚህ ወንዝ ላይ፥ ከሞጆ በስተ ደቡብ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 የቆቃ ግድብ ተሠርቶ አለቀ። ግድቡ የተሠራው ኢጣልያ ለጦርነቱ ጉዳት በከፈለችው ካሣ ነው። ሦስቱ ተርባይኖች በአንድነት 43.2 ሜጋዋት፥ ማለት 43,200 ኪሎዋት ለማመንጨት የሚችሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ ከቆቃ ዝቅ ብሎ የአዋሽ 2ኛ ጣቢያ በ1966፥ የአዋሽ 3ኛ ጣቢያ በ1971፥ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ሥራ ጀመሩ። እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት ያመነጫሉ። እንዲህ ሆኖ አንዱ ውኃ ሦስት ጊዜ ይሠራል፤ አልፎም የወንጂንና የመተሐራን የሸንኮራ አገዳ ያጠጣል። ከዚህ የምንረዳው፥ የቆቃ ጎተራ ቢጠብ የሚጎዳው አንድ ጣቢያ ብቻ አለመሆኑን ነው።

ጎተራው ግን ጠቧል። ሐይቁ መጀመሪያ ከያዘው ስፍራ ከሩብ የሚበልጠው ሃያኛው ምዕት ዓመት ሳያልቅ በደለል ተይዟል። ይህም በብዙ መቶ ሚልዮን ሜትር ኩብ የሚቆጠር አፈር ነው። አፈሩ የመጣው ከላይኛው አዋሽና ከሞጆ ወንዝ ተፋሰስ፥ ማለት ከእርሻው፥ ከግጦሹና ዛፉ ካለቀበት ኮረብታ ነው።

ደለል የሚተኛው የት ነው?

መሐንዲሶች ግድብ ሲነድፉ ደለል እንደሚመጣ ያውቃሉ። ስለዚህ ውኃ ወደ ተርባይኑ ከሚገባበት አፍ በታች ያለውን ስፍራ ለደለል ይተዉለታል። ይህንም ስፍራ የሞተ ክምችት ይሉታል። ብዙ ሰው ደለሉ ሁሉ በዚያ ብቻ የሚተኛ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወንዙ ወደ ሐይቁ እንደ ገባ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ፥ ጠጠሩንና አሸዋውን እዚያው በሐይቁ ራስ ላይ ይጥላል። ረቂቁ ጭቃ ብቻ ወደ ግድቡ ድረስ ይዘልቃል። እንግዲህ የሞተው ስፍራ ገና ሳይሞላ፥ ለበጋ የሚቀመጠው ውኃ ስፍራ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ ይወሰዳል ማለት ነው።

ከላይ የጠቀስናቸውን ሁለት ነገሮች እናስታውስ። ደለሉ ከፍታውን ብዙም አይነካም፤ የግድቡ ግንብ እንደ ቆመ ነውና። የሚቀንሰው የሚጠራቀመው ውኃ ብዛት ነው። በዚህ ምክንያት በክረምት ሐይቁ ቶሎ ይሞላና ትርፉ ውኃ ሳይሠራ ያልፋል፤ በበጋ ደግሞ ውኃው ሳይታሰብ ያጥራል። ግንቡ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፥ ግድቡ አረጀ የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

መድኃኒቱስ?

መጀመሪያ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ደለሉን መጥረግ ነው። እስቲ በሒሳብ እንየው። አንድ የጭነት መኪና በአንድ ጊዜ 10 ሜትር ኩብ ቢጭን፥ 100 ሚልዮን ሜትር ኩብ ደለል ለማውጣት 10 ሚልዮን ጊዜ መመላለስ አለበት። በቀን 1,000 ምልልስ ቢደረግ እንኳ ሥራው ከ27 ዓመት በላይ ይወስዳል፤ በዚያም ጊዜ ወንዙ ሌላ አፈር ሲያመጣ ይኖራል።

ሁለተኛው፥ ድፍርሱን ውኃ አሳልፎ የጠራውን መያዝ ነው። በግብፅ አገር በ1902 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው የቀድሞው የአስዋን ግድብ 180 በሮች ነበሩት። የዓባይ ሙላት ደለሉን ይዞ ሲመጣ በሮቹ ይከፈቱና ያልፋል፤ ሙላቱ ሲጎድልና ውኃው ሲጠራ ይዘጋሉ። ይህን ያላሰበ ግን ይከፍላል። ቆቃ ባለቀበት ዓመት በቻይና፥ በቢጫው ወንዝ ላይ፥ የሳንሜንሽያ ግድብ አለቀ። ሐይቁ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በደለል እየተሞላ ስለ ሄደ፥ በሥራው ጊዜ ተደፍነው የነበሩት የታችኞቹ መተላለፊያዎች እንደ ገና ተከፈቱ፤ አዳዲስ ዋሻዎችም ተቆፈሩ። የተገኘውም ኃይል ከታሰበው እጅግ ያነሰ ሆነ።

ሦስተኛው መድኃኒት አፈሩን በስፍራው ማስቀረት ነው። እርከን የውኃውን ሩጫ ያበርዳል፤ ክትር ቦረቦሩ እንዳይሰፋ ያግዳል፤ ሣርና ዛፍ አፈሩን በሥራቸው ይይዛሉ። ይህ ከውጭ የመጣ ጥበብ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ተራራውን በድንጋይ እርከን ሲያርስ ኖሯል፤ ሥራውም በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከሦስቱ መድኃኒቶች ገበሬውንና ግድቡን በአንድነት የሚጠቅመው ይኸኛው ብቻ ነው፤ ለግድቡ ደለል የሚሆነው ለገበሬው ማሳው ነበርና።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት፥ 74 ቢልዮን ሜትር ኩብ ውኃም ለመያዝ የሚችል ነው። ከቆቃ ጋራ የማይወዳደር ትልቅ ጎተራ ስለ ሆነ፥ ደለል በቶሎ አይሞላውም። ነገር ግን ዓባይ በክረምት መልኩ ምን እንደሚመስል ያየ ሁሉ፥ ጥያቄው እዚያም እንዳለ ያውቃል። ሥራው በምርቃቱ ቀን አላለቀም፤ በጎጃምና በወሎ፥ በሸዋና በወለጋ ማሳዎች ላይ ገና ይሠራል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ያልነውን ሙከራ አስፋፉት። አንዱን ጠርሙስ ግጦሽ ካራቆተው ኮረብታ ከሚወርድ ጅረት፥ ሁለተኛውን እርከን ካለበት ወይም ከተከለለ ስፍራ ከሚወርድ ጅረት፥ በአንድ ቀን ሙሉአቸው። በማግሥቱ በሁለቱ ሥር የተኛውን ጭቃ በማስመሪያ ለኩና ጻፉት። ክረምቱን ሙሉ በየሳምንቱ ይህን ብታደርጉ፥ የሰፈራችሁ አፈር ወዴት እንደሚሄድ በገዛ ቍጥራችሁ ለአባቶቻችሁ ለማስረዳት ትችላላችሁ።