የሕፃናት መገጣጠሚያ መግል ሲቋጥር

ሳይወድቅና ሳይመታ ድንገት ትኩሳት የያዘው ሕፃን አንድ እግሩን አልረግጥም ሲል፣ በብዙ አጥቢያዎቻችን አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። «ወለምታ ነው» ይባልና እግሩ ይታሻል። ወጌሻን ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ ነገር ግን ትኩሳትና አለመርገጥ አንድ ላይ ሲመጡ ነገሩ ከወለምታ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ሲታሽም ቀን ይባክናል።

አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ኦውረስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በደም አድርጎ ወደ መገጣጠሚያው ይገባል፤ ጉልበትንና ዳሌን ይበልጥ ያጠቃል። በዚያ የሚቋጥረው መግል የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነውን ልስልስ አካል በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላዋል። በዳሌ ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨመራል፤ የመግሉ ግፊት የጭን አጥንቱን ራስ የሚመግቡትን ደም ሥሮች ስለሚጫን አጥንቱ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ሕፃኑ ከሞት ቢተርፍም እግሩ አጥሮ ዕድሜውን ሙሉ ሊያነክስ ይችላል።

ስለዚህ የተቋጠረው መግል መውጣት አለበት፤ መድኃኒት ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ሐኪሙ በመርፌ ፈሳሹን ቀድቶ ይመረምራል። መግል ሆኖ ሲገኝ፣ በተለይ በዳሌ ላይ፣ ሕፃኑ ማደንዘዣ ተሰጥቶት መገጣጠሚያው በቀዶ ሕክምና ይከፈታል፤ ከተሕዋስያን በጸዳ ጨዋማ ውኃም ደጋግሞ ይታጠባል። ትኩሳቱ ካልበረደ እጥበቱ ሊደገም ይችላል፤ ይህ ሲሆን ወላጆች «ሐኪሞቹ ተሳሳቱ» ብለው ሕፃኑን ይዘው እንዳይወጡ ማጽናናት ይገባል። ጸረ ባክቴሪያው በመጀመሪያ በደም ሥር፣ ኋላም በአፍ ለሳምንታት ይሰጣል። ሕፃኑ መሮጥ ስለጀመረ ብቻ ማቋረጥ አይገባም።

አራስ ሕፃን አመመኝ አይልም፤ ትኩሳትም ላይኖረው ይችላል። አንድ እግሩን አለማንቀሳቀሱና ልብሱ ሲለወጥ አምርሮ ማልቀሱ ግን ይታያል። ጠበል ለመርጨት ወደ አራስ ቤት የሚገቡ ካህን ይህን ቢያዩ ወይም ከእናቲቱ ቢሰሙ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንዲወሰድ ይንገሩ። ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ኤች አይ ቪ ስታስተምር ቆይታለችና፣ የካህኑ ቃል በዚህም ይሰማል።

ጤና ጣቢያው ቀዶ ሕክምና ስለማያደርግ ወደ ሆስፒታል ይልካል፤ የሌሊት መኪና የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው። ሰበካ ጉባኤው የአንድ ባለ መኪና ስልክና ጥቂት የመጓጓዣ ገንዘብ አስቀድሞ ያዘጋጅ። ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ ሕፃኑ መርገጥ ያቆመበትን ሰዓትና የወሰደውን መድኃኒት በወረቀት ጽፎ ከወላጆቹ ጋር ይላክ።