ግሥ ጎረቤት አለው፦ ስለ መገልበጥና ስለ ማርባት ግሦች

የእንግሊዝኛን ግሥ ትርጉሙን ብቻ ሸምድደን ክፍል ብንገባ አያዋጣንም። ግሥ ጎረቤት አለው፤ ጎረቤቱን ሳናውቅ ብንጠራው ያላሰብነውን ይዞብን ይመጣል።

ከዕለት ሥራችን እንነሣ። ተማሪዎች ከሰሌዳው ላይ ያለውን ወደ ደብተራቸው እንዲገለብጡ ስንፈልግ «ኮፒ ኢት ዳውን» እንላለን። የመጽሐፉን ምንባብ ወይም ረቂቃቸውን እንደገና አሟልተው እንዲጽፉ ከሆነ ደግሞ «ኮፒ ኢት አውት» ነው። «ኮፒ ፍሮም» ብለን «ዘ ቦርድ» ብናስከትል ምንም ነውር የለበትም። «ሂ ኮፒድ ፍሮም ከበደ» ካልን ግን ልጁ ከከበደ ኮረጀ ማለታችን ነው። ግሡ ያው አንድ ነው፤ ጥፋተኛ ያደረገው ጎረቤቱ ነው! ፎቶ ኮፒ ለማንሣትም «ሜክ ኤ ኮፒ» ይባላል እንጂ «ዱ» እዚህ አይገባም።

ትልቁ ወጥመድ ግን «ብሪድ» ዘንድ ነው። እኛ «ከብት አርቢ» ስንል በከብቱ የሚተዳደረውን ሁሉ ነው። «ካትል ብሪደር» ብለን ስንተረጉመው ግን እንግሊዝኛ አንባቢ የሚታየው ኮርማና ላም መርጦ ዝርያ የሚያሻሽል ባለሙያ ነው። የቦረና አርብቶ አደር «ፓስቶራሊስት» ነው። ለዕንቁላል አምስት ዶሮ ያላት እናትም «ሺ ኪፕስ ቺክንስ» ትባላለች፤ «ብሪድስ» ካልናት እኮ ጫጩት አስፈልፋይ አደረግናት። የቦረናን ላም ከፍሪዥያን ኮርማ ማዳቀል «ክሮስ» ነው፤ ተከታዩም «ዊዝ»። በቆሎ «ግሮው» ይደረጋል፤ አዲስ የበቆሎ ዝርያ ማውጣት ግን «ብሪድ» ነው፤ የወጣውን ምርጥ ዘር ማብዛት ደግሞ «መልቲፕላይ»።

ይኸው «መልቲፕላይ» በሒሳብ ክፍል «ባይ» ይፈልጋል፦ «መልቲፕላይ ሲክስ ባይ ፎር»። በባዮሎጂ ክፍል ብቻውን ይቆማል፦ «ባክቴሪያ መልቲፕላይ»። (ባክቴሪያ የሚባዛው ለሁለት እየተከፈለ መሆኑን ለሒሳብ መምህራን ብንነግራቸው ሳይገርማቸው አይቀርም።)

«ሪፕሮዱስ» በሁለቱም ሰፈር ይኖራል። ካርታ ወይም ሥዕል አስመስሎ ማውጣት ሲሆን ተሳቢ ይወስዳል፤ ስለ መራባት ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ተሳቢ ይሄዳል፦ «ፕላንትስ ሪፕሮዱስ»። ታዲያ «ዘ ካው ሪፕሮዱስድ ኤ ካፍ» ብሎ የጻፈ ሰው ላሟ የጥጃ ቅጂ አወጣች እንዳለ ይቆጠርበታል። «ዘ ካው ሃድ ኤ ካፍ» ይበቃዋል።