ዝምድናና አጥንት፦ በጋብቻ ዋዜማ የሚደረጉ ሁለት ቆጠራዎች

ልጅ ለመዳር ሽማግሌ በተላከ ቁጥር በየአጥቢያችን ሁለት ዓይነት ቆጠራ ይካሄዳል። አንደኛው ተጋቢዎቹ በሥጋ እንዳይዛመዱ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ነው። ሁለተኛው «አጥንቱ ምንድን ነው?» ተብሎ የሸክላ ሠሪ፣ የቀጥቃጭ፣ የቆዳ ፋቂ ወይም የሸማኔ ልጅ አለመሆኑ የሚጣራበት ነው። ሽማግሌዎች ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠይቁ ብዙ ምእመናን ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይመስሏቸዋል። በዚህ ትምህርት ልንለያያቸው እንወዳለን።

የመጀመሪያው መሠረት አለው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጋብቻ በሚናገረው በ24ኛው አንቀጽ በዝምድና ምክንያት የማይጋቡትን ይዘረዝራል። የሰባት ቤቱ ልማድ ከዚያ ሰፋ ይላል፤ ሆኖም ሰውን ከገዛ ቤቱ አውጥቶ ከሩቅ ወገን ጋር ያዛምዳል። ሁለተኛው ቆጠራ ግን በር ይዘጋል፤ የእጅ ሥራን የጋብቻ እንቅፋት የሚያደርግ ቀኖናም የለንም። አረጋዊው ዮሴፍ ጠራቢ፣ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበሩ። በዘር በኩል የሚነሣ ጥያቄ ካለም፣ ሞዓባዊቷ ሩት በጌታችን የትውልድ ሐረግ ውስጥ ተቆጥራለች (ማቴ. 1)።

ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ ግን ሽማግሌዎች ከሚመክሩበት ጓዳ አልዘለቀም። ዛሬም «ቡዳ ናት» በሚል ሹክሹክታ እጮኛዋ የሚቀርባት ልጅ አለች፤ የወላጆቹን ሙያ ሸሽጎ በሩቅ ከተማ የሚያገባ ወጣት አለ። ምጣዱን፣ ማረሻውንና ጋቢውን የሚሠራው እጅም ተተኪ እያጣ ነው። (ከበሮውን በቆዳ የለጎመው፣ ጸናጽሉንና መስቀሉን የሠራው ማን እንደሆነ በቅኔ ማሕሌት የቆመ ሁሉ ያውቃል።)

ይህን ጉዳይ አስቀድሞ የሚሰማው የንስሐ አባት ነው። ስለዚህ ጋብቻው ለምን እንደቀረ ሲነገረው «ዝምድና ነው ወይስ አጥንት?» ብሎ ይጠይቅ። ዝምድና ከሆነ ይቆጠር፤ አጥንት ከሆነ ግን ቤተ ክርስቲያን የማታውቀው ክልከላ መሆኑን ለወላጆች በግልጽ ይንገራቸው። ይህም ሽማግሌዎቹ መልስ ይዘው ከመመለሳቸው በፊት ይሁን፤ ከተመለሱ በኋላ ቃልን ማጠፍ እንደ ውርደት ይቆጠራልና።

ሰበካ ጉባኤያትም በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ሁለት ነገር ብትመረምሩ እንወዳለን፦ ከአባሎቻችሁ መካከል የእጅ ባለሙያ ቤተሰብ አለ? በጽዋ ማኅበራችሁስ እነርሱ ከሌላው ጋር በአንድ ጽዋ ይጠጣሉ፣ ተራቸው ሲደርስ የደገሱትስ ይበላል?