የታገደ ምጥና ፊስቱላ

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መንገደኛ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጓዛል። ደጋው አልቆ ቆላው ሲጀምር ሰፊው የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ይቀበለዋል። ክረምት ሲገባ ግን ከዋናው መንገድ የራቁት መንደሮች በዋልካ ጭቃና በወንዝ ሙላት ይታጠራሉ። ይህ ርቀት ለነጋዴው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ምጥ ለጠናባት እናት ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ምጥ ሲታገድ በእናት አካል ውስጥ ምን እንደሚከናወን፣ ፊስቱላ እንዴት እንደሚፈጠርና እንዴት እንደሚታከም እንመለከታለን።

ምጥ ታገደ የሚባለው ማኅፀን በኃይል እየገፋ የሕፃኑ ራስ ግን በዳሌ አጥንት መካከል ማለፍ ሲሳነው ነው። የሽንት ፊኛ ከፊት በኩል ካለው የዳሌ አጥንት ኋላ ስለሚገኝ፣ በአጥንቱና በሕፃኑ ራስ መካከል ይጨመቃል። የተጨመቀ ሥጋ ደም አያገኝም፤ ደም ያላገኘ ሥጋም ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። ብዙውን ጊዜ የሕፃኑም ሕይወት በዚሁ መካከል ያልፋል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ከ3 እስከ 10 ቀናት ውስጥ የሞተው ሥጋ ተቆርሶ ይወድቅና ቀዳዳ ይተዋል፤ ሽንትም በብልት በኩል ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ወደ እግር የሚወርዱት ነርቮች አብረው ከተጎዱ ደግሞ እናቲቱ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች።

የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት ማኅፀን ሲደክም መኮማተሩን ያዘገያል፤ ምጡም ቀናት ፈጅቶ ለፊስቱላ ይዳርጋታል። ደጋግማ የወለደች ሴት ማኅፀን ግን በአብዛኛው መግፋቱን አያቆምም፤ የታችኛው ግድግዳው እየሳሳ ሄዶ ሊቀደድ ይችላል። ይህም በውስጥ ደም መፍሰስ በሰዓታት ውስጥ ለሞት ያበቃል። ስለዚህ «አምስት የወለደች ስድስተኛው አይከብዳትም» የሚለው አስተሳሰብ አሳሳች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች በያኔዋ ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ የምጥን ሂደት በሰንጠረዥ ለመከታተል የሚያስችል ዘዴ አሳተሙ። በፓርቶግራፍ ላይ ሁለት መስመሮች ይሰመራሉ። የማኅፀን በር በሰዓት ከ1 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ሲከፈት ሂደቱ የማስጠንቀቂያውን መስመር ያልፋል፤ የእርምጃው መስመር ደግሞ ከእርሱ 4 ሰዓት ዘግይቶ ይገኛል። በመካከል ያሉት 4 ሰዓታት እናቲቱን ከገጠር ጤና ተቋም ወደ ሆስፒታል ለማድረስ የታሰቡ ናቸው። አሁን እናስላ። አምቡላንስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 200 ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሰው ልክ በ4 ሰዓት ነው። ከመንደር እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ የሚፈጀው ጊዜ በስሌቱ ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ የምጥ መከታተያ ቢያወጣም፣ ርቀቱ የሚያስነሣው ጥያቄ አልተለወጠም።

ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ፤ በ2005 ደግሞ የባሕር ዳሩ ማዕከል ተከፈተ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታካሚ ሆነው ወደ ሃምሊኖች ዘንድ ከገቡ በኋላ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው የቀዶ ሕክምናውን ተምረው የብዙ እናቶችን ጉዳት ጠግነዋል። ገና የተፈጠረ ትንሽ ቀዳዳ ሽንቱ በካቴተር ለሳምንታት እንዲወርድ ሲደረግ በራሱ ሊገጥም ይችላል። ሌላው በስፌት ይዘጋል። ሆኖም ቀዳዳው ተዘግቶም የሽንት መቆጣጠሪያው ጡንቻ ተጎድቶ ከሆነ ማምለጡ ሊቀጥል ይችላል።

ፊስቱላ ከቀዶ ሕክምና ራሱም ሊመጣ ይችላል። ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርደው ዩሬተር በማኅፀን የደም ቧንቧ ሥር፣ ከማኅፀን አንገት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። ምጥ ከታገደ በኋላ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና የሳሳው ማኅፀን ወደ ጎን ሊተረተር ይችላል፤ ሐኪሙ ደሙን ለማቆም ሲጣደፍም ዩሬተሩን አብሮ ሊሰፋው ይችላል።

ጉዳቱ የት እንደሆነ ለመለየት ቀላል ሙከራ አለ። በብልት ውስጥ ጥጥ ይደረግና ሰማያዊ ቀለም በካቴተር ወደ ፊኛ ይገባል። ጥጡ ሰማያዊ ከሆነ ቀዳዳው በፊኛው ላይ ነው። ጥጡ ርሶ ቀለም ካልያዘ ግን ሽንቱ ወደ ፊኛው ሳይደርስ ከዩሬተሩ እየፈሰሰ መሆኑን ያመለክታል።

ውድ አንባቢያን፣ ፊስቱላ እርግማን አይደለም፤ ደም በተነፈገ ሥጋ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። ርቀቱን ማሳጠር ባይቻል እናቲቱ ምጥ ሳይጀምራት ርቀቱን ማለፍ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ1976 በጉራጌ አጣጥ ሆስፒታል የተጀመረው የነፍሰ ጡሮች ማቆያ ዓላማውም ይኸው ነው። ከቆላው ወጣቶች መካከል ነገ አዋላጅ ነርስና ሐኪም የምትሆኑ አላችሁ። በአካባቢያችሁ የመውለጃዋ ጊዜ የተቃረበ ሴት ካለች፣ ወንዙ ሳይሞላ ወደ ጤና ተቋም እንድትቀርብ ዛሬውኑ ንገሩ።