የአባላዘር በሽታ ስጋት፦ ምልክቱና ቀኑ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ኮንዶም ተጠቅሞ፣ ኮንዶሙም ሳይቀደድና ሳይወልቅ፣ በማግስቱ ሽንቱ ያቃጠለው ሰው ጨብጥ ይዞታል ይባላል?

ጋሼ፦ ከዚያ ግንኙነት የመጣ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ተህዋሲያን ገብተው እስኪራቡ ጊዜ ይፈልጋሉ። ጨብጥ በወንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ ሲመጣም በአብዛኛው ከማቃጠሉ ጋር የውስጥ ሱሪ የሚያበላሽ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል ይዞ ነው። ክላሚዲያ ምልክት ካሳየም ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። የቂጥኝ ቁስል ከ10 እስከ 90 ቀን፣ በአማካይ በ3 ሳምንት ይወጣል፤ ስለማያም ብዙዎች ሳያዩት ይጠፋል።

ወጣቱ፦ ታዲያ ያቃጠለው ምንድን ነው?

ጋሼ፦ ብዙ ጊዜ የራሱ እጅ ነው። የሰጋ ሰው ፈሳሽ ይኖር እንደሆነ ለማየት ብልቱን ደጋግሞ ይጨምቃል፤ ጭመቃው የሽንት ቧንቧውን ያስቆጣዋል። ሌላው በሳሙና ወይም በአልኮል ሲፈትገው ቆዳው ይቀላል፣ ይላጣል። ጭንቀቱም ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስመጣል። በብልት ጫፍ ዙሪያ በረድፍ የተሰለፉ ጥቃቅን ነጣ ያሉ ፍሬዎችም አሉ፤ ከጉርምስና ጀምሮ በብዙ ወንዶች ላይ የሚገኙ፣ በሽታ ያልሆኑ ናቸው። ከዚያ ቀን በፊት ግን ማን በእጅ መብራት አይቷቸው ያውቃል?

ወጣቱ፦ ለማንኛውም ብሎ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ቢውጥስ?

ጋሼ፦ ከሁሉ የከፋው ይኼ ነው። ቀድሞ ጨብጥን ይፈውስ የነበረው ሲፕሮፍሎክሳሲን ዛሬ በብዙ ቦታ አይሠራም፤ ተህዋሲያኑ ተላምደውታል። በግምት የተዋጠ መድኃኒት ደግሞ በሽታው ቢኖር ምልክቱን ያደበዝዛል እንጂ ላያድን ይችላል።

ወጣቱ፦ ዕድሉ ጠባብ ነው ሲባል ምንም ስጋት የለም ማለት ነው?

ጋሼ፦ አይደለም። ኮንዶም የማይሸፍነው ቆዳ ላይ ቁስል ካለ ሄርፒስና ቂጥኝ ይተላለፋሉ። በአፍ የሚደረግ ግንኙነትም ጨብጥ ያስተላልፋል። ክላሚዲያና ጨብጥ በብዙ ሴቶች ላይ ያለ ምልክት ተቀምጠው ለመካንነት ሊዳርጉ ይችላሉ። ስለዚህ ምልክት መኖሩም መጥፋቱም አይፈርድም፤ የሚፈርደው ምርመራ ነው።

ወጣቱ፦ ኤችአይቪስ?

ጋሼ፦ በምራቅ፣ በእጅ መነካካት፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ኮንዶሙ ተቀድዶ ከሆነ ግን ነገሩ የሰዓት ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል፣ ጤና ተቋም ደርሶ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ይቻላል። ቫይረሱ በገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት የሚመጣው ትኩሳትና ሽፍታ ከጉንፋን ወይም ከሌላ ሕመም ስለማይለይ በእሱ መገመት ከንቱ ነው። በላቦራቶሪ አንቲጅንንም አንቲቦዲንም የሚያየው ምርመራ ከ45 ቀን በኋላ፣ ከጣት ደም ተወስዶ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ደግሞ ከ3 ወር በኋላ አስተማማኝ መልስ ይሰጣል። የክላሚዲያና የጨብጥ የሽንት ምርመራ ከ2 ሳምንት በኋላ ይበቃል።

ወጣቱ፦ ቀኑን ጠብቆ ተመርምሮ ነጻ የተባለ ሰው አሁንም እንቅልፍ ካጣስ?

ጋሼ፦ ሌላ ክሊኒክ ሄዶ መድገሙ አይጠቅመውም፤ ጥርጣሬው ለሁለት ቀን ተኝቶ ይነሣል። በብዙዎቹ ላይ ሥሩ ጸጸት ነው፦ ትዳር አለ፣ እምነት አለ፣ የተደበቀ ነገር አለ። ፍተሻው ሥራውንና እንቅልፉን ከነጠቀው የአእምሮ ሐኪም ማየት ይገባል፤ ይህ ዓይነቱ ጭንቀት የሚታከም ሕመም ነው።

ወጣቱ፦ ቀን ሳይቆጠር ወደ ሐኪም የሚኬድበትስ?

ጋሼ፦ መግል፣ ብልት ላይ የወጣ ቁስል፣ የብሽሽት እብጠት፣ የዘር ፍሬ ሕመም። በሴት ደግሞ ከትኩሳት ጋር የሆድ ግርጌ ሕመም። በሽታው ከተገኘ የግንኙነት ጓደኛም አብሮ ይታከማል፤ አለዚያ የዳነው ተመልሶ ይያዛል።