ትምህርት ዐሥራ አራት፦ የተራራ አገርንና የጥንት ፍርስራሽን የሚገልጹ ቃላት

ባለፈው ትምህርት ገላጭ ድርሰት ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ተመልክታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ከመንገድ ርቆ በተራሮች መካከል የሚገኝን የጥንት ፍርስራሽ ለመግለጽ የሚያስፈልጉትን ቃላት ታጠናላችሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ከዓመት ዓመት እንደነበረ አይቆይም። ድንጋዩ ለአጥር ይወሰዳል፤ ጎርፍ መሠረቱን ይገዘግዘዋል፤ ሥር የሰደደ ዛፍ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ከጊዜ በኋላ ስለ ቦታው የሚቀረው አንድ ተመልካች የጻፈው ጥቂት መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚያ መስመር ውስጥ ካብ መባል ያለበት ግንብ ቢባል፣ የተቃጠለው ፈረሰ ቢባል፣ ስሕተቱን የሚያርም ሌላ ማስረጃ ላይገኝ ነው።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ከዓድዋ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ተራሮች በከበቡት ሜዳ ላይ፣ የሐ የምትባል ትንሽ መንደር ትገኛለች። በመንደሯ ካለው ጉብታ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የታነጸ ቤተ መቅደስ ቆሞ ይታያል። ጣራው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ግድግዳው ግን እስከ 14 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እስከ ዛሬ አልወደቀም። የሕንፃው ርዝመት ከ18 ሜትር ይበልጣል፤ ወርዱ 15 ሜትር ያህል ነው። ድንጋዮቹ በጥንቃቄ ተጠርበው፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ የተደረደሩ ሲሆኑ በመካከላቸው ጭቃም ሆነ ኖራ አልገባም። ቤተ መቅደሱ የታነጸው በሳባውያን ዘንድ ዋና አምላክ ለነበረው ለአልመቃህ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ፤ ይህንንም ያደረጉት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አባ አፍጼ እንደሆኑ ይነገራል። ዛሬ ከጎኑ የሚገኘው የአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ዋልያ መሰል እንስሳት የተቀረጹባቸውን ጥንታዊ ድንጋዮች በግድግዳው ላይ ይዟል። በሳባ ፊደል የተጻፉ ድንጋዮችም በዚያው ተጠብቀው ይኖራሉ።

ከቤተ መቅደሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ግራት በዓል ገብሪ የሚባል ሌላ ፍርስራሽ አለ። የዚህኛው ሕንፃ ግድግዳ አብዛኛው ወድቋል፤ የተመልካችን ዓይን አስቀድሞ የሚስበው ከፊት ለፊቱ የነበሩት የግዙፍ አራት ማዕዘን ዓምዶች ቅሪት ነው። በቁፋሮ እንደታወቀው ሕንፃው ድንጋይና እንጨት ተቀናጅተው የተሠራ ሲሆን የጠፋውም በእሳት ነው።

ለ. የመሬት አቀማመጥ ቃላት

ፍርስራሹን ከመግለጻችሁ በፊት የቆመበትን መሬት መግለጽ ይኖርባችኋል። አማርኛ በዚህ ረገድ ሀብታም ቋንቋ ነው፤ ተናጋሪው ሕዝብ የኖረው በተራራ አገር ነውና። ሆኖም ብዙ ተማሪዎች ይህን ሀብት ትተው ከፍ ያለውን ሁሉ «ተራራ» ብለው ያልፉታል። ጉብታ ከሜዳው ጥቂት ከፍ ያለ መሬት ነው። ኮረብታ ከጉብታ ይበልጣል፤ ከተራራ ያንሳል። አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ደግሞ አምባ ይባላል። ከዓዲግራት በስተምዕራብ የሚገኘው ደብረ ዳሞ አምባ ነው። ወደ ገዳሙ የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ ተንጠላጥሎ ያልፋል። አንድ ጸሐፊ ደብረ ዳሞን «ኮረብታ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ገመዱ ለምን እንዳስፈለገ ሊገባው አይችልም።

አፋፍ የገደል ከንፈር ነው፤ ቆማችሁ ቁልቁል የምታዩበት ቦታ። ሸንተረር ረዝሞ የሚሄድ የተራራ ጀርባ ሲሆን፣ ሸጥ ውሃ የቦረቦረው ጠባብ ሸለቆ ነው። በሁለት ተራሮች መካከል ያለው ማለፊያ በር ይባላል፤ ጣርማ በር የሚለው የቦታ ስም ይህን ፍቺ ያስታውሳችኋል። ተራራን እንደ ሰው አካል ከፍለን ግርጌ፣ ወገብ፣ አናት ማለታችንም የተለመደ ነው። «ፍርስራሹ በተራራው ላይ ነው» ከሚል ዐረፍተ ነገር ይልቅ «ፍርስራሹ በተራራው ወገብ ላይ፣ ከሸጡ በላይ ነው» የሚለው መንገደኛውን በእርግጥ ያደርሰዋል።

ስለ አቀበትና ቁልቁለት አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ቃላት የመሬቱ ስሞች ብቻ አይደሉም፤ የሚሄደውን ሰው አቅጣጫ ይከተላሉ። ለወጪው አቀበት የሆነው መንገድ ለወራጁ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ የጉዞ ታሪክ ስትጽፉ ተጠቀሙባቸው፤ ቦታውን ብቻ ስትገልጹ ግን ተዳፋት የሚለው ይሻላል፤ ከየትም ቢታይ አይለወጥምና።

ሐ. ካብ፣ ግንብ፣ ግድግዳ፣ ቅጥር

በዚህ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ ሊተኮርበት የሚገባው ይህ ክፍል ነው። ካብ ያልተጠረበ ድንጋይ ያለ ማያያዣ የተደራረበበት ነው፤ በየእርሻው ዳር የምታዩት እርከን ካብ ነው። ግንብ ሲባል ግን ድንጋዩን የሚያያይዝ ጭቃ፣ ኖራ ወይም ሲሚንቶ እንዳለ አንባቢው ይገምታል። ግድግዳ የቤት አካል ነው፤ ከእንጨትና ከጭቃም ሊሠራ ይችላል። ቅጥር ደግሞ ቤቱን ወይም ግቢውን በሙሉ የሚከብብ ነው።

እንግዲህ የየሐን ቤተ መቅደስ ግድግዳ በየትኛው ቃል ትገልጹታላችሁ? «ካብ» ብትሉ አንባቢው የእርሻ ካብ ይታየዋል፤ ያንን የመሰለ የጠራቢዎች ጥበብም ከዓይኑ ይሰወራል። «ግንብ» ብትሉ ደግሞ የሌለውን ኖራ ታገቡበታላችሁ። አንዱም ቃል ብቻውን አይበቃም። እንዲህ ባለ ጊዜ ጸሐፊ የሚያደርገው የቅርቡን ቃል መርጦ የጎደለውን በቅጽል ሐረግ መሙላት ነው፦ «ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፣ ከጥርብ ድንጋይ ብቻ የታነጸ ግድግዳ»። ሐረጉ ረዘም ይላል፤ ነገር ግን ከእውነቱ አይወጣም።

በበሩ ላይ ስትደርሱ ግራና ቀኝ የቆመውን መቃን፣ ከላይ የተጋደመውን ጉበን ብላችሁ ለዩ። ዓምድና ምሰሶም ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ፤ ለድንጋዩ ዓምድ፣ ለእንጨቱ ምሰሶ ማለት ይመረጣል። በጥንታዊ የአክሱም አሠራር ከግድግዳው ወደ ውጭ ብቅ ብለው የሚታዩት የእንጨት ጫፎች የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ፤ ይህን ስም ማን እንዳወጣው ባይታወቅም አንድ ጊዜ የሰማው ሰው አይረሳውም። መሬት ላይ የወደቀውንም ሁሉ «ስብርባሪ» አትበሉ። የሸክላው ገል፣ የድንጋዩ ፍንካች፣ የእንጨቱ ስንጥር ነው። በተለይ ገል ስታዩ በእጃችሁ ከማንሣት ይልቅ የት እንደወደቀ ጻፉ። ተመራማሪ የሸክላን ዘመን የሚለየው ከአፈሩ ንጣፍ ጋር አያይዞ ነው፤ ከቦታው የተነሣ ገል ግን ምስክርነቱ ይጎድላል።

መ. የመጥፋት ግሦች

«ፈረሰ» ሰፊ ግሥ ነው፤ እንዴት እንደሆነ አይናገርም። ካብ ወይም አፈር ተንሸራትቶ ሲወርድ ተናደ እንላለን። ከላይ ያለው በታች ባለው ላይ ሲወድቅ፣ ለምሳሌ ጣራ፣ ተደረመሰ ይባላል። ጎርፍ ቀስ በቀስ ሲበላው ተሸረሸረ፤ ልስኑ ሲወድቅ ረገፈ፤ ሳይወድቅ ሲያጋድል ዘመመ። የግራት በዓል ገብሪን ፍርስራሽ «የፈረሰ ሕንፃ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊ እሳቱን ከታሪኩ ያወጣዋል።

ሰዋስዉንም አትርሱ። «ድንጋዩ ወድቋል» እና «ድንጋዩ ተነቅሏል» የሚሉትን አስተያዩ። የመጀመሪያው ግሥ ድንጋዩ በራሱ እንደሆነ ያሳያል። ሁለተኛው ተደራጊ ግሥ ነው፤ አድራጊው ባይጠራም የሰው እጅ እንዳለበት ይጠቁማል። ያላረጋገጣችሁትን እጅ በግሥ አታስገቡ፤ ያያችሁትንም አትደብቁ።

ሠ. ያዩትን ከገመቱት መለየት

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ኢትዮጵያ ከገባው የመልእክተኞች ጓድ ጋር መጥቶ የሐን አይቷል። በጽሑፉም ሕንፃውን እንደ ትልቅ የግንብ ማማ አድርጎ ገልጾታል። ስለ ከፍታውና ስለ አሠራሩ ማማር የተናገረው ዛሬም የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ያየውን ነውና። «ማማ» የሚለው ግን ስለ ሕንፃው አገልግሎት የተሰጠ ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ጉዞ ቦታውን በፎቶግራፍና በንድፍ መዝግቧል፤ ውጤቱም በ1913 ታትሟል። ንድፍና መለኪያ ያለው መግለጫ የጸሐፊው ግምት ቢሳሳት እንኳ ለኋለኛው አጥኚ ይጠቅማል።

ስለዚህ ያያችሁትን «ነው»፣ የገመታችሁትን «ይመስላል»፣ የሰማችሁትን «ይባላል» ወይም «ይነገራል» በሚሉት ዝጉ። በምንባቡ ውስጥ ስለ አባ አፍጼ የተነገረው በየትኛው እንደተዘጋ ተመልሳችሁ እዩ።

«ወደ ተራራው ወጣን። በጣም አስደናቂ ፍርስራሽ አየን። ብዙ ትልልቅ ድንጋዮች ነበሩ።» እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም። «አስደናቂ» የሚለው ቃል ስለ ጸሐፊው ስሜት ይነግረናል እንጂ ስለ ፍርስራሹ ምንም አይነግረንም። ይህንኑ በሚቀጥለው መልክ አርመን እንጻፈው፦

«ከኮረብታው ግርጌ እስከ ወገቡ ያለው አቀበት ግማሽ ሰዓት ወሰደብን። ከሸጡ በላይ ርዝመቱ ሃያ እርምጃ የሚሆን ቅጥር አገኘን። በሰሜን በኩል ያለው ግማሹ ተንዷል፤ በደቡብ ያለው ዘሟል እንጂ አልወደቀም። ከበሩ ሁለቱ መቃኖች ቆመዋል፤ ጉበኑ ከደፉ ላይ ወድቆ ለሁለት ተሰንጥቋል። ግቢው የቤተ ክርስቲያን እንደነበረ የአካባቢው ሽማግሌዎች ይናገራሉ።»

መልመጃ

1. አፋፍ፣ ተዳፋት፣ ሸንተረር፣ ገል፣ ጉበን፣ ቅጥር የሚሉትን ቃላት እያንዳንዳቸውን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብታችሁ ጻፉ።

2. «ፈረሰ» የሚለውን ግሥ ሳትጠቀሙ ጣራው፣ ልስኑ፣ ካቡና መሠረቱ የተጎዱበትን አንድ አሮጌ ቤት በአራት ዐረፍተ ነገሮች ግለጹ።

3. ከላይ በታረመው አንቀጽ ውስጥ በዓይን የታየውንና በወሬ የተሰማውን ለዩ። የለያችሁበትን የማሰሪያ አንቀጽ ከሥሩ አስምሩበት።

4. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አሮጌ ቤት፣ ቅጥር፣ የተተወ ወፍጮ ቤት ወይም ድልድይ ምረጡ። በእርምጃ ለኩት። ከዚያም 150 ቃላት ያህል ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ፤ «አስደናቂ»፣ «ውብ» እና «ታሪካዊ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ። ድርሰቱን ቦታውን ላላየ የክፍል ጓደኛችሁ ስጡትና ያነበበውን በእርሳስ ይሣል። ሥዕሉ ከቦታው የተለየበትን እየፈለጋችሁ፣ ለልዩነቱ ምክንያት የሆነውን ቃል ከድርሰታችሁ ውስጥ አውጥታችሁ ለውጡት።